ለልጄ የጥርስ ሐኪም፣ አላህ ኸይር ጀዛሽን ይክፈልሽ

ትናንት ማታ ልጄ ቆሎ ቆረጠመች። ለሌላ ሰው ምንም ላይመስለው ይችላል። እኔ ግን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

7 ዓመቷ ነው። የኋላ መንጋጋዎቿ ገና ሲበቅሉ ቢጫና ቡናማ ነበሩ፣ እንደ ኖራ ይፈረፈራሉ። የፊቶቹም ነጭ ነጭ ጣል ጣል አለባቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ከነካት ትጮኻለች። ብሩሽ ስታይ ትደበቃለች።

በፊት የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ አፏ በወጉ ሳይታይ «ከረሜላ ታበያታለሽ፣ ጥርሷን አታጥቢያትም» ተብዬ ተቆጡኝ። ልጄ እየሰማች! ሌላው ጋ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይነቀል» አሉን። የወተት ጥርስ አልነበረም። 6 ዓመት ገደማ የሚበቅለው መንጋጋ ቋሚ ነው፣ ቢነቀል ምትክ የለውም። ያን ቀን እሺ ብል ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ ወዲህ ልጄ ነጭ ጋውን ስታይ ትንቀጠቀጥ ነበር።

ደሴ ያለችውን ሐኪም የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ከኮምቦልቻ ተነስተን የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ልጄ አለቀሰች። ዶክተሯ ግን ወንበሩ ላይ ውጪ አላለቻትም። አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ትንሿን መስታወት ሰጠቻትና «እስቲ መጀመሪያ የኔን ጥርስ ቁጠሪልኝ» አለቻት። ቆጠረችላት። ከዚያ ሳትጠየቅ አፏን ከፈተች።

ስለ ሕፃንነቷ ስትጠይቀኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዓመት ሳይሞላት ጆሮዋ ይመግል እንደነበር፣ የሳንባ ምች እንደያዛት፣ ስንት ጠርሙስ አሞክሲሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ እንደጨረሰች። አንዳንዱን ያለ ማዘዣ እንደገዛሁም ነገርኳት። እንባዬ መጣ።

«አብሽሪ እህቴ» አለችኝ እጄን ይዛ። የነዚህ ጥርሶች ሽፋን የሚሠራው ከልደት እስከ 3 ዓመት ገደማ ነው፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እያለ። በዚያ ጊዜ ብርቱ ትኩሳትና ሕመም ሊጎዳው ይችላል። አንቲባዮቲክንም ከዚህ ጋር ያያያዙ ጥናቶች አሉ፤ ግን ጥፋቱ የመድኃኒቱ ይሁን የሕመሙ መለየት ያስቸግራል። «ለሳንባ ምች መድኃኒት ባትሰጫት ዛሬ ይዘሻት ባልመጣሽ» አለችኝ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛቱን ግን ተይ አለችኝ፣ ሳትቆጣኝ። ወላሂ ከዓመት በላይ የተሸከምኩት ነገር ያን ቀን ወረደልኝ።

ምን እንደቀባቻት፣ በምን እንደሞላችው አልገባኝም። ሦስት ጊዜ ተመላለስን። የጠፋው ሽፋን ተመልሶ እንደማይመጣ፣ የቀረውን ግን ማትረፍ እንደሚቻል ሳትደብቅ ነገረችኝ። ጥርሷን በለብ ያለ ውሃ አጥቢያት ያለችኝ ብቻ ስንት ነገር አቀለለልን!

እናቶች፣ የልጃችሁ አዲስ መንጋጋ ቀለሙ ካላማራችሁ አትጠብቁ፣ ውሰዷቸው። ንቀሉት ሲሏችሁም ሌላ ሐኪም ሳታሳዩ እሺ እንዳትሉ። እሷ ጋ ሂዱ፣ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ ነው እዚህ ያላወጣሁት። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ልጄማ አሁን «ደሴ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ነው።