«አሮጌ መኪና ካታላይዘር አያስፈልገውም» የሚላችሁን ጋራዥ ተጠንቀቁ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። ከጋራዡ መመለሴ ነው። ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። አለቃው እጁን ዘይት አይነካውም። መኪናችሁ ገና በር ላይ ስትደርስ በድምጿ ብቻ በሽታዋን ያውቃል። «አይጨነቁ ጋሼ፣ ለእኛ ይተዉት» ይላል። ቁልፉን ተቀብሎ ወንበር ይሰጣችኋል።

እኔን እዚያ የወሰደኝ የቼክ ኢንጅን መብራት ነው። መኪናዬ ዕድሜዋ ቢገፋም ከፋብሪካ ስትወጣ ካታላይዘር፣ ማለትም ጭስ ማውጫው ላይ ያለውን መርዛማ ጭስ የሚያጣራ ዕቃ፣ ይዛ ነው የወጣችው። ኮምፒውተሩን ሰኩ፣ ፒ0420 የሚል ኮድ ወጣ። «ካታላይዘሩ ተደፍኗል፣ እናጸዳዋለን» አለኝ አለቃው። ልብ በሉ፣ ማጽዳት ነው የተባለው። ደረሰኙ ላይም የተጻፈው «የካታላይዘር ጽዳት» ነው። ኮዱ ግን ስለ መደፈን የሚለው ነገር የለም። ካታላይዘሩ ጭሱን በሚገባ እያጣራ አይደለም ነው የሚለው። እሱንም ቢሆን ያረጀ ሴንሰር ወይም የተቀደደ የጭስ ማውጫ ቱቦ ሊያመጣው ይችላል። አንዱ ካንዴላ በደንብ ሳያቀጣጥል ቀርቶ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን እየሄደ የካታላይዘሩን ውስጥ እያቀለጠውም ሊሆን ይችላል። ማን ፈትሾ!

ስረከባት መብራቱ ጠፍቷል። ድምጿ ግን ወፍሯል። «አሁን ገና ተነፈሰች ጋሼ» ተባልኩ። ከፍዬ ወጣሁ። ልጄ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና «አባዬ፣ ይሸታል» ስትል ከረመች።

ጉዱ የወጣው ዓመታዊ ምርመራ ላይ ነው። መርማሪው የመለኪያውን ዘንግ ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተተ። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከተፈቀደው እጅግ አለፈ። መኪናዋን በማንሻ ከፍ አድርጎ ከሥር ገባና ካታላይዘሩን በቡጢ ጠቅ ጠቅ አደረገው። ኳ ኳ አለ። ባዶ ነው። ጠራኝና ባትሪ አብርቶ አሳየኝ። ቆርቆሮው በሦስት ጎን እንደ ፖስታ ተከፍቶ፣ ውስጡ ተጠርጎ ወጥቶ፣ ተመልሶ ተበይዷል። ብየዳው እንዳይታይ የብር ቀለም ተቀብቷል። ወረድ ብሎ ደግሞ የካታላይዘሩን ሥራ የሚከታተለው ሁለተኛው የኦክስጅን ሴንሰር ሥር አውራ ጣት የምታክል ብረት ገብታለች። ሥራዋ ሴንሰሩን ከጭሱ መንገድ ገለል ማድረግ ነው። ሴንሰሩ ጭሱን በወጉ ስለማያገኘው፣ ለሞተሩ ኮምፒውተር «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ ይነግረዋል። መብራቱን ያጠፋችው እሷ ናት።

በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

አለቃው ከወንበሩ አልተነሳም። ዓይኑም ከስልኩ አልተነሳም።

«ካታላይዘሬ ውስጥ የነበረው የት አለ?» አልኩት።

«የቱ?»

«ሴራሚኩ። ያወጣችሁት።»

«እሱማ ቆሻሻ ነው፣ ጣልነው።»

ይሄን ሲለኝ፣ እሱ ከተቀመጠበት ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ተለማማጅ ልጅ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሏል። ፊቱ ከሌላ ሰው መኪና የወጣ ካታላይዘር ተከፍቶ ተቀምጧል። ግራጫውን፣ ጥቃቅን ቀዳዳ የሞላበትን ስብርባሪ በእጁ እየዛቀ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይጨምራል። ዱቄቱን እንኳ አልተወውም፤ በመጥረጊያ ሰበሰበው። ከዚያ ከረጢቱን አንጠልጥሎ ሚዛን ላይ አስቀመጠው። ሚዛን!

«ቆሻሻ ስትጥሉ ትመዝናላችሁ እንዴ?» አልኩት።

ልጁ እጁን ሰበሰበ። አለቃው ግን ሳቀ። ማፈር የለ፣ መደንገጥ የለ። «ጋሼ፣ መኪናህ እኮ ጡረታ ወጥታለች። ካታላይዘር ምን ያደርግላታል?» አለኝ። ቁልፉን ሲቀበል «እርስዎ» ነበርኩ፤ አሁን አንተ ሆኛለሁ። ከኮፈን ሥር አንገቱን ያወጣው መካኒክም ሳቀ። እነሱ ሲስቁ ከረጢቱን ወደ ጓዳ ይዞት የገባው ልጅ ነው እንጂ ሌላ ማንም አልተነቃነቀም።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሴራሚኩ በፕላቲነም፣ በፓላዲየም እና በሮዲየም የተቀባ ነው። መርዛማውን ጭስ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃ እና ናይትሮጅን የሚቀይሩት እነዚህ ውድ ማዕድናት ናቸው። ቆሻሻውን የሚገዛው ሰው በክብደት የሚገዛው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ንብረቴን ለወሰዱበት የእጅ ዋጋ ከፍዬላቸዋለሁ!

ያናደደኝ ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ልወጣ ስል አለቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምርመራው ካስቸገረህ ደህና ካታላይዘር እናከራይሃለን። ስታልፍ መልሰን እንፈታዋለን» አለኝ። ያወጡትን ሸጠው፣ ለባዶው ቦታ ኪራይ ሊያስከፍሉኝ ነው እኮ!

«አሮጌ መኪና ካታላይዘር አያስፈልገውም» የሚሉትም ውሸት ነው። እውነት የምትመስለው ግማሽ እውነት ስላላት ነው። ካታላይዘር አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው በፈረንጆቹ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ከ1993 ወዲህ አዲስ የቤንዚን መኪና ያለሱ አይሸጥም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት የተሠሩት በዘመናቸው ልክ ይለካሉ። ካሊፎርኒያ እንኳ በጭስ ጥብቅነቷ የምትታወቀው፣ 1975 እና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪኖችን ከምርመራው ነፃ አድርጋለች። ይዞት የተፈበረከ መኪና ግን ስላረጀ ብቻ አይማርም። የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ አውልቆ መጣልን ጋራዡንም ባለቤቱንም ይከለክላል። እነዚህ ሰዎች ይሄንን አያውቁም ብላችሁ ነው? ሳያውቁ ነው ሚዛን የገዙት?

አሁን አዲስ መግዛት አለብኝ። ርካሾቹ ደግሞ ማዕድናቸው ስስ ነው፤ ብዙ ሳይቆዩ ያው መብራት ተመልሶ ይበራል ይላሉ የሚያውቁት።

እናንተ መኪና ስታስገቡ ከሥሯ ፎቶ አንሱ፣ የካታላይዘሩ ቆርቆሮ ላይ ያለውን ቁጥር ጨምራችሁ። የወለቀ ነገር ሁሉ በእጃችሁ ይሰጣችሁ፣ ቆሻሻ ነው ቢሏችሁም። መብራት ጠፋ ብለው ሲያስረክቧችሁ ምን ሠርተው እንዳጠፉት በጽሑፍ ጠይቁ።

እኔ ደረሰኙን ይዣለሁ፤ የመርማሪው ወረቀትም አለኝ። ነገ አቤቱታ አስገባለሁ። መኪናውን «አጸዳንልህ» የተባለና ድምፁ የወፈረበት ሰው ካለ፣ ከሥር ገብቶ ብየዳ ይፈልግ። ካገኘ ይጻፍልኝ፣ አብረን እንሂድ።