ለጨረቃ ግርዶሽ ምን እንግዛ? ባይናኩላር፣ ዙም ካሜራ ወይስ ቴሌስኮፕ

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ማታ ጨረቃ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለ82 ደቂቃ ቀልታ ቆየች። ያን ዕለት ስልኩን ወደ ሰማይ ያልቀሰረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ውጤቱን በየፌስቡኩ አይተነዋል። ጥቁር ፎቶ፣ መሀሉ ላይ አንዲት ብርቱካናማ ነጥብ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቼ ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "ለሚቀጥለው ምን ልግዛ?"

ጊዜ አለን። ከኢትዮጵያ የሚታየው ቀጣዩ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ታኅሣሥ 22 ቀን 2021 ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ቀን 2028፣ የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ። አዲስ አበባ ላይ ጨረቃዋ በምሥራቅ ስትወጣ የምድር ጥላ ጠርዟን መንካት ጀምሯል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሙሉ በሙሉ ትገባበታለች፤ ለ71 ደቂቃም እዚያው ትቆያለች። በጋ ስለሆነ የጳጉሜን ዓይነት የደመና ጭንቀት የለም ማለት ይቻላል። ዱባይና ቴል አቪቭ ያላችሁ ግን ከጥላው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ታዩታላችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ ላላችሁ ይሄኛው አይሆንም። የእናንተ ጁን 25 ቀን 2029 ማታ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ100 ደቂቃ በላይ ይቆያል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ሻጭ ሁሉ የሚነግራችሁ "ስንት እጥፍ ያቀርባል" የሚለውን ነው። 83 እጥፍ፣ 125 እጥፍ፤ ርካሽ ቴሌስኮፕ ከሆነ ካርቶኑ ላይ 525 እጥፍ። ሙሉ ጨረቃ ብርሃኗ የተትረፈረፈ ስለሆነ ይሄ ብዙም አይጎዳም። ግርዶሹ ሙሉ ሲሆን ግን ብርሃኗ 10,000 ጊዜ ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ያኔ ማቅረብ ብቻውን ምንም አይፈይድም፤ የሚያስፈልገው ብርሃን መሰብሰብ ነው። ብርሃን የሚሰበስበው ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው።

በዚህ መለኪያ ገበያ ላይ ያሉትን ስለካ ራሴም ደነገጥኩ። 10 በ50 የሚባለው ባይናኩላር 10 እጥፍ ያቀርባል፤ መስታወቱ 50 ሚሊሜትር ነው። ሲስታር ኤስ50 የሚባለው ስማርት ቴሌስኮፕ 50 ሚሊሜትር። ኒኮን ፒ900 የሚባለው ዙም ካሜራ ዙሙ ጥግ ሲደርስ 55 ገደማ። ተራው 70-300 የካሜራ ሌንስ ዙሙ ጥግ 300 ላይ ሲደርስ 54 ገደማ። አራት ዕቃ፣ አራት ዋጋ፣ አንድ ዓይን! ስለዚህ ከአራቱ አንዱን ስትመርጡ ልዩነቱ ብርሃን ላይ አይደለም። የምትከፍሉት ለሌላ ነገር ነው፤ ለምቾት፣ ለፎቶ፣ ወይም ለስንፍና። ስንፍና ስል በክፉ አይደለም፣ እኔም አለብኝ።

ባይናኩላር ወይስ ርካሽ ቴሌስኮፕ?

ይሄ አያከራክርም፤ ባይናኩላር። 10 በ50 የሆነው ብዙ ጊዜ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። በሁለት ዓይን ማየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ቀይዋ ጨረቃ ጠፍጣፋ ሳህን መሆኗ ቀርቶ የተንጠለጠለች ኳስ ትመስላለች። በዙሪያዋ ያሉትን፣ በሙሉ ጨረቃ ጊዜ የሚጠፉትን ከዋክብት አብራችሁ ታያላችሁ። 15 በ70 የበለጠ ያሳያል፤ ግን በእጅ አይያዝም፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) ይፈልጋል።

ርካሹን ቴሌስኮፕ እኔ ገዝቼው አውቃለሁ። ሱቁን አልጠራም። መስታወቱ እንኳ ክፉ አልነበረም፤ እግሩ ግን ከሽቦ የተሠራ ይመስል ነበር። በነካሁት ቁጥር ጨረቃዋ አምስት ሰከንድ ትጨፍራለች። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው "525 እጥፍ"ም ባዶ ነው። አንድ ቴሌስኮፕ በደንብ ሊያቀርብ የሚችለው የመስታወቱን ሚሊሜትር በሁለት አባዝታችሁ የምታገኙትን ያህል ነው፤ 70 ከሆነ 140። ለግርዶሽ ደግሞ ያም ይበዛል። ሙሉዋን ጨረቃ ዙሪያዋን ጨምሮ ለማየት ከ30 እስከ 50 እጥፍ ይበቃል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ባይናኩላር ከውጭ ለማስመጣት ያሰባችሁ መጀመሪያ ጉምሩክን ጠይቁ። ቦሌ ላይ ሊያዝባችሁ ይችላል።

ባይናኩላር ለያዘ ሰው ያለ ካሜራ የሚሠራ ሥራም አለ። ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንድሬ ዳንጆን ለግርዶሽ ቀለም ከ0 እስከ 4 የሚሄድ መለኪያ አውጥቷል። 0 ማለት ጨረቃዋ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም። 4 ማለት እንደ አዲስ መዳብ የምታበራ፣ ጠርዟ ሰማያዊ የሚመስል። ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ እሳተ ገሞራ በ1991 እ.ኤ.አ. ከፈነዳ በኋላ በዲሴምበር 1992 የታየው ግርዶሽ እጅግ የጠቆረ ነበር። ወደ ጥላው የሚደርሰው ቀይ ብርሃን የምድርን አየር አልፎ የሚመጣ ስለሆነ፣ አየሩ በእሳተ ገሞራ ጭስ ሲሞላ ጨረቃዋም ትጨልማለች። በየአገሩ ያሉ አማተሮች ይህን ቁጥር ይመዘግባሉ። ባይናኩላሩን ገልብጠው በትልቁ በኩል የሚያዩም አሉ። ጨረቃዋ እንደ ኮከብ ትንሽ ትሆንና ብርሃኗን ከእውነተኛ ኮከብ ጋር ያወዳድሩታል። ሲያዩት ያስቃል፣ ግን ይሠራል።

ፒ900 ወይስ ዲኤስኤልአር ከ300 ሌንስ ጋር?

ሰው የሚከራከረው እዚህ ላይ ነው። ፒ900 በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ዋጋው 600 ዶላር ነበር። ታላቅ ወንድሙ ፒ1000 በ2018 እ.ኤ.አ. በ1,000 ዶላር መጣ። ሁለቱም አንስቶ፣ አነጣጥሮ ጠቅ ማድረግ ነው። በሌላ በኩል በቴሌግራም የሚሸጥ ያገለገለ ካኖን ወይም ኒኮን ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ አለ፣ ከ70-300 ሌንስ ጋር።

ጨረቃ ሴንሰር (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ምን ያህል እንደምትይዝ ማወቅ ቀላል ነው። የመስታወቱን ስፋት ሳይሆን የሌንሱን የዙም ሚሊሜትር ለ110 አካፍሉ። 300 ሲካፈል 2.7 ሚሊሜትር ይመጣል። ተራ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ ላይ ይሄ ወደ 700 ፒክስል ነው። ፒ900 ላይ ጨረቃዋ ከ2,000 ፒክስል በላይ ትሰፋለች። ወረቀት ላይ ውድድሩ አልቋል።

ግን ያ ሁሉ ፒክስል የሚካፈለው ያንኑ የ55 ሚሊሜትር ብርሃን ነው። አንድ ድስት ወጥ ለ10 ሰውም ለ100 ሰውም ብታወጡት ወጡ ያው ነው። ሙሉ ጨረቃ ላይ ወጡ ሞልቷል፤ ስለዚህ ፒ900 ያሸንፋል፣ ጉድጓዶቿ ቁልጭ ይላሉ። ጨረቃዋ ስትቀላ ግን ለያንዳንዱ ፒክስል የሚደርሰው ጠብታ ነው፤ ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። ፒ900 ሮው የሚባለውን ጥሬ ፋይልም አይሰጥም። ጥላው ውስጥ የቀረውን ዝርዝር በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማውጣት ይቸግራል። ፒ1000 ሮው አለው።

ሌላው ፎከስ ነው። አውቶፎከስ ጨለማ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። ዲኤስኤልአር ላይ ጨረቃዋ ገና ብሩህ ሳለች ጠርዟን በስክሪኑ አጉልታችሁ በእጅ ታስተካክላላችሁ፤ ከዚያ የሌንሱን ቀለበት በፕላስተር ትለጥፉታላችሁ። አለቀ፣ እስከ መጨረሻው አይነካም።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ቤት ውስጥ ካሜራ ካለ ፒ900ን እርሱት፤ ያገለገለ 300 ሌንስ ግዙ። ምንም ካሜራ ከሌለና ወፍም፣ የልጆች ኳስም፣ ሠርግም በዚያው ላንሳ ለሚል ፒ1000 ይሻላል። ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ መስታወቱን ወደ መብራት ይዛችሁ እዩት። ሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተዉት።

ለመነሻ የሚሆን ቁጥር ልስጣችሁ። አይኤስኦ ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት ነው፣ ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፣ ሰከንዱ ደግሞ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ። ሙሉ ጨረቃ፦ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ የሰከንድ 1/200። ቀይዋ ጨረቃ፦ አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 5.6፣ 1 ሰከንድ። ከዚያ ስክሪኑን እያያችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉ። ከ1 ወይም ከ2 ሰከንድ በላይ አትሂዱ። ምድር ስለምትዞር ጨረቃዋ በ2 ደቂቃ የራሷን ወርድ ያህል ትጓዛለች፤ ጠርዟ ይደበዝዛል።

ደግሞ 18-55ን አትናቁት፣ ያ ከካሜራው ጋር የሚመጣውን ትንሽ ሌንስ። የ2021ዱ ግርዶሽ ሙሉ የሚሆነው ጨረቃዋ ከአድማስ ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሳለች ነው። ከመሀል ከተማ ሆኖ ለሚያይ በየካ በኩል መሆኑ ነው። ቀይ ጨረቃ ከባሕር ዛፍና ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት ጋር! እንዲህ ያለውን ፎቶ ትልቅ ቴሌስኮፕ አያነሳላችሁም።

ስማርት ቴሌስኮፕ ወይስ ዶብሶኒያን?

ሲስታር ኤስ50 ዋጋው በ500 ዶላር ዙሪያ ነው፤ ክብደቱ 2.5 ኪሎ። መሬት ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ስልክ ላይ "ጨረቃ" የሚለውን ትነካላችሁ፣ ራሱ ይፈልጋታል፣ ራሱ ይከተላታል። የጨረቃዋ ስፋት ወደ 750 ፒክስል ይሆናል፤ ከ300 ሌንስ ብዙ አይለይም። ጨረቃዋ ስትቀላ ብርሃኑን በእጅ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ለአውቶ ብቻ ከተዋችሁት ጥቁር ስክሪን ነው የምታዩት። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ዓይናችሁን የምታስጠጉበት ቀዳዳ የለውም። ልጆች ተሰብስበው ስልክ ነው የሚያዩት። ለእኔ ይሄ ትንሽ ያሳዝናል፤ ለሌላው ምንም ላይመስለው ይችላል።

ባለ 8 ኢንቹ ዶብሶኒያን የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ሞተር የለው፣ ስልክ የለው። ትልቅ ቱቦ በእንጨት ሳጥን ላይ፣ በእጅ የሚገፋ። መስታወቱ 200 ሚሊሜትር ነው፤ ከነዚያ ከአራቱ ከእያንዳንዱ ከ13 እስከ 16 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። የቀዩን ቀለም እርከን፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን ሰማያዊ መስመር በዓይን ለማየት የሚወዳደረው የለም። በአንድ ምሽት የሰፈር ሰው ተሰልፎ ያይበታል። ፎቶ ላይ ግን ደካማ ነው። ጨረቃዋ ቶሎ ቶሎ ከዕይታ ትወጣለች፣ ረጅም ፎቶ አይያዝም። በብዙዎቹ ላይ ዲኤስኤልአር ቢገጠም ፎከሱ አይደርስም። ስልክ የሚይዝ መያዣ ዓይን ማስጠጊያው ላይ ገጥሞ ቪዲዮ መቅረጽ ይሻላል፤ መያዣው ርካሽ ነው፣ ውጤቱም ያስደስታል።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ዋናው ጥያቄ እንዴት ይመጣል የሚለው ነው። ሲስታር ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ዶብሶኒያኑ ወደ 20 ኪሎ ነው፣ ቱቦው ከ1 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ አደራ የሚቀበል ዘመድ ካላችሁ ተንከባከቡት። አሜሪካና አውሮፓ ላሉ ግን ጓሮና መኪና ካላቸው ዶብሶኒያኑን እላለሁ፣ ዓይኔን ሳላሽ።

ትራከር ያስፈልጋል?

ትራከር ካሜራውን ከሰማይ ጋር የሚያዞር ትንሽ ሞተር ነው። ለግርዶሽ ብቻ ከሆነ አትግዙ። ፍኖተ ሐሊብንም አነሳለሁ ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ጣጣ አለ። ሞተሩ በሰሜን ኮከብ ይስተካከላል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ኮከቡም ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ በዚያ በኩል ደግሞ እንጦጦ ቆሟል። ኮምፓስና 9 ዲግሪ ለግርዶሽ አጭር ፎቶ ይበቃሉ። ስትገዙ ግን መቆሚያው እስከ 9 ዲግሪ ዝቅ ማለት መቻሉን አረጋግጡ፤ ለአውሮፓ ታስበው የተሠሩ አንዳንዶቹ አይወርዱም።

ከትራከሩ የተረፈውን ገንዘብ ጠንካራ ትራይፖድ ላይ አውሉት። የ300 ሌንስ በርካሽ ትራይፖድ ላይ ከማየት ርካሽ ሌንስ በጠንካራ ትራይፖድ ላይ ባይ እመርጣለሁ። ካሜራውን በእጅ አትጫኑ፤ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ። ንፋስ ካለ ቦርሳችሁን መሀሉ ላይ አንጠልጥሉ።

ስልክ ብቻ ያለው ደግሞ ስልኩን ከባይናኩላር ኋላ ይያዝ። አንዳንድ አዲስ ስልክ ጨረቃን ሲያውቃት ያላየውን ዝርዝር ራሱ ይጨምርባታል፤ ግርዶሽ ላይ ያ ብልሃት እንግዳ ነገር ሊያወጣ ስለሚችል ካሜራውን ሁሉን በእጅ የምታስተካክሉበት "ፕሮ" ላይ አድርጉት።

ከ2021ዱ በኋላ ብዙ አንጠብቅም። ከዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2022 ለሊት 12 አጥቢያ ሌላ ሙሉ ግርዶሽ አለ፤ መሀሉ ከለሊቱ 8 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ። ያኔ ጨረቃዋ ከአናት በላይ ናት ማለት ይቻላል፤ አንገት ይሰብራል። ለዚያ ዕለት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዕቃ ፍራሽና ጋቢ ነው።