ለአዲስ አበባ ቤት አየር ማጽጃ፦ ከአሜሪካ የሚላከው ወይስ ከዱባይ የሚመጣው?

ጥያቄው ከበጋ ጋር ይመጣል። ዝናቡ አቁሞ አቧራው ሲነሳ፣ ይልቁንም በየሰፈሩ ፈረሳውና ቁፋሮው ከበዛ ወዲህ፣ ሳይነስ ወይም አስም ያለባቸው ዘመዶችና ጓደኞች ይደውላሉ። «ኤር ፒዩሪፋየር ልንገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» አብዛኞቹ ሲደውሉ ምርጫቸው ከሁለት አይዘልም፤ አሜሪካ ያለች እህት ሌቮይት የሚባለውን ማሽን ልላክ ብላለች፣ ወይም ዱባይ የሚመላለስ ሰው ሻዎሚ የሚባለውን ላምጣ ብሏል። መልሴ የዱባዩ ይሻላል ነው። ሌቮይት መጥፎ ሆኖ አይደለም። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ብኖር እኔም እሱን እገዛ ነበር። እዚህ ግን ኪስ የሚያራቁተው የማሽኑ ዋጋ ሳይሆን የመብራቱ ቮልትና ፊልተሩ ነው።

ወደ ሁለቱ ከመግባቴ በፊት ሱቅ ውስጥ በሃያና በሠላሳ ዶላር ሂሳብ የሚሸጡትን ትንንሽ ነገሮች ላንሳ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እነሱ ላይ ነውና። አንዱ ውሃ ተሞልቶ ጭጋግ የሚተፋው ነው። እሱ ለክፍሉ እርጥበት ይጨምራል እንጂ አንዲት ቅንጣት አቧራ አይዝም። ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚኖሩት የአቧራ ተባዮች ደግሞ እርጥበት ይስማማቸዋል፤ በእነሱ አለርጂ ለሚነሳበት ሰው ጭራሽ ጉዳት ነው። ሌላው ሶኬት ላይ የሚሰካው ፊልተር የሌለው አዮናይዘር ነው። አቧራውን በኤሌክትሪክ ኃይል ሞልቶ ግድግዳና መጋረጃ ላይ ያስቀምጠዋል፤ መጋረጃው ሲነቃነቅ ይመለሳል። አንዳንዶቹ ኦዞን ያወጣሉ፣ ኦዞን ደግሞ የአስም ደረትን ያስቆጣል። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ከ0.050 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) በላይ ኦዞን የሚያወጣ የቤት አየር ማጽጃ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ለልጃችሁ መኝታ ቤት ብላችሁ እንዲህ ያለውን አትግዙ። በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

አሁን ዋጋ። በዶላር የማወራው ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ቦታ ስለማይቆም ነው፤ የዕለቱን ምንዛሪ ራሳችሁ አባዙበት። ሰዎች የሚልኩት ሌቮይት ኮር 300 አሜሪካ ውስጥ 100 ዶላር ግድም ነው፣ ፊልተሩ 30 ግድም። ሻዎሚ 4 ላይት 130 ግድም፣ ፊልተሩ እስከ 40 ይደርሳል። በእኛ አቧራ ፊልተር በየስድስት ወሩ ይቀየራል ብላችሁ አስቡ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከማሽኑ ጋር ከሚመጣው ሌላ አምስት ፊልተር ትገዛላችሁ። ሌቮይቱ 250 ዶላር፣ ሻዎሚው 330 ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎቹ «እንግዲያው ሌቮይት!» ይሉኛል።

ቆይ። ሌቮይቱ በሰዓት 240 ሜትር ኩብ አየር ያጸዳል፣ ሻዎሚው 360። በአቅማቸው ስታካፍሉት ለ100 ሜትር ኩብ ሌቮይት 104 ዶላር ሲያወጣ ሻዎሚ 92 ነው። ሌቮይቱ ላይ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ጨምሩበት። ከዚያ በላይ ደግሞ ፊልተሩ ባለቀ ቁጥር ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው መጠበቅ አለ። ፊልተር ክብደት የለውም፣ ግን ሻንጣ ውስጥ ቦታ ይይዛል፤ ለእናቱ መድኃኒትና ጫማ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያስቀረው የእናንተን ፊልተር ነው። ዱባይ ደርሶ የሚመለስ ነጋዴ ግን ከሰፈር አይጠፋም።

የመብራቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ማሽን 120 ቮልት፣ 60 ሄርትዝ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርትዝ፤ ከዱባይ የሚመጣው ከዚህ ጋር ይስማማል። ጎረቤታችን የሆኑ እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ማሽን የሶኬት መቀየሪያ ብቻ አድርገው ሰኩት። ትንሿ መቀየሪያ የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን እንደማትቀይር የነገራቸው አልነበረም። ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ጠጋኙ ቦርዱን ቀየርኩ ብሎ ገንዘብ ተቀበላቸው፣ ማሽኑ ግን ዳግም አልዞረም። ልጅቷ ያወጣችው ገንዘብ፣ የጠጋኙ ሂሳብ፣ ያ ሁሉ የሻንጣ ቦታ በአንዲት ደቂቃ ሄደ። ትራንስፎርመር ያለው ሰው ከዚህ ይድናል። ቢሆንም ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሄርትዙን አይነካም፤ ቀን ከሌት የሚሠራ ማሽን ላይ ሲቆይ ይሞቃል፣ ያጉረመርማል፣ ሌሊት መኝታ ቤት ውስጥ ደግሞ ያ ድምፅ ይሰማል። እህታችሁ መላክ ካለባት የማሽኑን የጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ። «100-240» ከሚል ችግር የለም። «120» ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ትላክላችሁ።

ሻዎሚም ጣጣ አለው፣ አልደብቅም። ለቻይና የአገር ውስጥ ገበያ የተሠራው ረከስ ብሎ ይገኛል፤ መብራቱ ከእኛ ጋር ይስማማል። ስልክ ላይ ግን አፑ ማሽኑን የሚያገኘው የአፑን ክልል ቻይና ስታደርጉት ነው፣ የሶኬቱም እግር ከእኛ ይለያል። አፑን ለማትፈልጉ ይህ ምንም አይደለም፤ ማሽኑ ላይ ያለው ቁልፍ ይበቃል። እኔ ለእናትና ለአባት የምመክረው እንዲያውም አፑን ጨርሶ ሳይነኩ እንዲጠቀሙ ነው።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ግን ኮፒ ፊልተርን ነው። የሻዎሚ ፊልተር ላይ ማሽኑ የሚያነበው ትንሽ ቺፕ አለ፤ ስንት በመቶ እንደቀረው የሚያሳየው በእሱ ነው። ኮፒዎቹም ቺፑን ገልብጠውታል። አንድ ወዳጄ እዚሁ ከተማ ውስጥ «ኦሪጅናል» ተብሎ የተሸጠለትን አስገብቶ ማሽኑ 100 በመቶ አለ፣ መብራቱም አረንጓዴ ሆነ። ልጁ ግን ማታ ማታ ማሳሉን አላቆመም። ፊልተሩን አውጥተን ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ስናስቀምጠው የወረቀቱ እጥፋት የሳሳ ነው፤ በጣት ሲከፈት በመካከሉ ክፍተት ይታያል። ጥቁሩ ከሰል ሲነካ እጅ ላይ ይቀራል። ጫፉ ላይ ያለው ስፖንጅ ቀጥ ብሎ ስላልተለጠፈ አየሩ በጎን ያመልጣል። አየሩ በጎን ካለፈ ወረቀቱ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን ዋጋ የለውም።

ስለዚህ ከማሽኑ ጋር አንዲት የፒኤም 2.5፣ ማለትም የደቃቅ አቧራ፣ መለኪያ ብትገዙ ገንዘባችሁ አይባክንም። ዋጋዋ ከአንድ ፊልተር ብዙም አይበልጥም፣ ቤተሰብና ጎረቤት ተዋውሶ ይጠቀምባታል። ማሽኑን አስነሥታችሁ አየር የሚወጣበት አፍ ላይ ያዟት። ደህና ፊልተር ከሆነ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። የክፍሉን ቁጥር የሚጠጋ ካሳያችሁ ፊልተሩ ኮፒ ነው ወይም በደንብ አልገባም። ሻጩ ፊት ቆማችሁ ብታደርጉት ደግሞ ክርክር የለም።

«ፊልተሩን አጥቤ አደርቀዋለሁ» የሚሉም አሉ። ደቃቁን አቧራ የሚይዘው የሄፓ ወረቀት ውሃ ከነካው ድሩ ይበላሻል፤ የሚታጠብ ይመስላል እንጂ ከዚያ በኋላ የሚይዘው ትንሽ ነው። የሚጸዳው በውጭ በኩል ያለው መረብ ነው። በየሁለት ሳምንቱ አቧራውን በቫኪዩም ወይም በለስላሳ ብሩሽ ካነሳችሁለት የውስጡ ፊልተር ዕድሜ ይጨምራል። ብር የሚቆጠበው እዚህ ነው።

ስለ ጥገና አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ክፍሉ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሁልጊዜ ቀይ እያሳየ ከጮኸ፣ ወይም አቧራ እየታየ አረንጓዴ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። አቧራ የሚለካው የሌዘር ሴንሰር ራሱ ቆሽሿል። በጎን ወይም በጀርባ ትንሽ መዝጊያ አለው፤ መብራቱን ነቅላችሁ በጥቂቱ በረጠበ የጆሮ ጥጥ ጥረጉት፣ በደረቅ ድገሙት። ለዚህች ሥራ «ቦርዱ ሄዷል» ተብለው የከፈሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ ያንገበግበኛል። እውነተኛው የቦርድ ጠላት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ነው። ለፍሪጅ የምትጠቀሙበትን ዓይነት መጠበቂያ ለእሱም አድርጉለት፤ መብራት ሲጠፋም ከሶኬቱ ንቀሉት።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለመኝታ ቤት አነስተኛውን ሻዎሚ 4 ኮምፓክት የሚያስቡ አሉ። አራት በአራት ተኩል የሆነ ክፍል፣ ጣሪያው 2.7 ሜትር ቢሆን፣ ወደ 49 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ለአለርጂ አየሩ በሰዓት አምስት ጊዜ ያህል ቢጣራ ጥሩ ነው፣ ያ 245 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ኮምፓክቱ 230 ስለሚል ጥቂት ቢጎድለውም የሚበቃ ይመስላል። ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር በመጨረሻው ፍጥነት የሚገኘው ነው፣ በዚያ ጩኸት ደግሞ ማንም አይተኛም። ላይቱን ገዝታችሁ በዝግታ አሠሩት። በሙሉ ኃይሉ እንኳ 33 ዋት ነው፤ ወር ሙሉ ሳይጠፋ ቢሠራ 24 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይሆናል። አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ ሳሎን አታስቀምጡት፤ ሰው ስምንት ሰዓት የሚተነፍሰው መኝታ ቤት ውስጥ ነው።

ቡና ሲፈላና እጣን ሲጨስ መስኮት ከፍታችሁ ማሽኑን አጥፉት፣ ጭሱ ከወጣ በኋላ አስነሡት። የእጣን ጭስ ፊልተሩን በቶሎ ይጨርሳል፣ ሽታውም ከሰሉ ውስጥ ይቀራል። ከሰል ምድጃ ላይ ግን አጥብቄ እናገራለሁ፦ ከከሰል የሚወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ሻዎሚም ሌቮይትም አያስቀረውም። ጋዝ ነው፣ በፊልተሩ አልፎ ይሄዳል። «ማሽን አለን» ብላችሁ በር ዘግታችሁ ከሰል ካለበት ክፍል አትተኙ። ቤተሰብ የሚጨርስ ነገር ነው።

ማሽኑ የሚይዘው አየር ላይ የተንሳፈፈውን ብቻ ነው። የአቧራ ተባይ ፍርፋሪ ከበድ ስለሚል ቶሎ ይወርዳል፤ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ ካልታጠበ የማታው ማስነጠስ አይቀርም። የድመት አለርጂ ግን ቀላል ሆኖ አየር ላይ ስለሚቆይ ማሽኑ እዚያ ላይ በደንብ ይጠቅማል። ጠዋት በደረቅ መጥረጊያ መጥረግም ቢቀር፣ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሻላል። ሐኪም ያዘዘውን መተንፈሻ በማሽኑ የተካችሁ ካላችሁ እባካችሁ መልሱት።

ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያላችሁ ደግሞ ከእኛ የቀለለ መንገድ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሪቻርድ ኮርሲና ጂም ሮዘንታል ያስተዋወቁት፣ አራት ወይም አምስት መርቭ 13 የሚባል ደረጃ ያለው ፊልተር በቴፕ አጣብቆ ባለ 20 ኢንች የሳጥን ማራገቢያ ከላይ የሚጭን ሳጥን አለ። ዕቃው ከቤት ማደሻ መደብር ይገኛል፣ የሚያጸዳው አየርም ብዙ የሱቅ ማሽኖችን ያስከነዳል። እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የካናዳ የደን ቃጠሎ ጭስ ዋሽንግተን ሲደርስ እንደሆነው ሱቆች ማሽን ሲያልቅባቸው፣ ይኼን ማታውኑ ሠርታችሁ ማስነሣት ትችላላችሁ። እዚህ አገር መርቭ 13 ፊልተሩ በቀላሉ ስለማይገኝ አልመክረውም።

ዱባይ ለሚሄድላችሁ ሰው የምትሰጡት መልእክት አጭር ነው፦ ሻዎሚ 4 ላይት፣ ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ከዚያው ከተገዛበት መደብር ሁለት ትርፍ ፊልተር፣ ደረሰኝ። ሁለቱን ፊልተር በፕላስቲካቸው እንደታሸጉ ደረቅ ቦታ አስቀምጧቸው፤ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ገበያ ውስጥ ኦሪጅናል ስትፈልጉ አትዞሩም።