ስበት የሌለበት ጠረጴዛ፦ የብሪክሊንክ ስቱዲዮ ግምገማ

አንድ ያማረ ሞክ ፎቶው ሲታይ መጀመሪያ አፍ ያስከፍታል፤ ወዲያው ግን «በእጅ ተሠርቷል ወይስ ሬንደር (ኮምፒውተር የፈጠረው ምስል) ነው?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። (ሞክ የሚባለው አድናቂው ከፋብሪካው ሳጥንና መመሪያ ወጥቶ ከራሱ ያፈለቀው የሌጎ ሞዴል ነው።) ጥያቄው ከቅናት የመጣ አይደለም። ኮምፒውተር ላይ ተነድፎ ጠረጴዛ ላይ የማይቆም ሞዴል ብዙ ነው፤ ስቱዲዮን ለመገምገምም ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

ስቱዲዮ በነፃ የሚወርድ፣ በዊንዶውስም በማክም የሚሠራ የሌጎ መንደፊያ ፕሮግራም ነው። ባለቤቱ ብሪክሊንክ ነው። ብሪክሊንክ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ፣ ሻጮች ሌጎን በፍሬ የሚሸጡበት ገበያ ሲሆን በ2019 ራሱ የሌጎ ኩባንያ ገዝቶታል። የቁራጮቹ መዝገብ የተመሠረተው ጄምስ ጄሲማን በ1995 በጀመረው ኤልድሮው (የሌጎ ቁራጮችን በኮምፒውተር የሚስል ሥርዓት) ላይ ነው። ኤልድሮው የሚለካበት አሃድ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ከጉብታ (ቁራጩ አናት ላይ ካለው ክብ መያያዣ) እስከ ጉብታ 20 አሃድ፣ የጡብ ቁመት 24፣ የፕሌት (የስሱ ቁራጭ) ደግሞ 8። ወደ ሚሊሜትር ሲቀየር 8፣ 9.6 እና 3.2 ይሆናል። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በቃሉ የያዘ ሰው ፕሮግራሙን ግማሽ ያህል ያውቀዋል።

የስቱዲዮ ትልቁ ጥቅም ወደ ጎን በሚደረግ ግንባታ ላይ ይታያል፤ ማለትም ጉብታቸው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን የሚያይ ቁራጮች ሲገቡ። ሦስት ፕሌት አንድ ጡብ እንደሚያህል ጀማሪም ያውቃል። አምስት ፕሌት ሲደራረብ ግን 16 ሚሊሜትር፣ ማለትም ልክ ሁለት ጉብታ ነው። አምስት ጡብ ቁመት 48 ሚሊሜትር፣ ስድስት ጉብታም 48። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ወደ ውጭ የሚያይ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ማስገባት ለፈለገ መንገዱ ይህ ነው፦ አምስት ጡብ ከፍታ ያለው ክፍተት ይተዋል፣ ስድስት ጉብታ ርዝመት ያለውን ሰሌዳ አቁሞ ያስገባበታል፤ ከላይም ከታችም ክፍተት አይተርፍም። የሚቀረው ጥልቀቱ ነው። ሰሌዳው የሚያዘው በቁራጭ ቁጥር 87087 ከሆነ (ጎኑ ላይ አንድ ጉብታ ያለው 1×1 ጡብ)፣ የሚለጠፍበት ፕሌት ከግድግዳው 3.2 ሚሊሜትር ወጣ ይላል። በ4070 ከሆነ ግን ጉብታው ወደ ውስጥ ገባ ስለሚል ፕሌቱ የሚወጣው 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በፎቶ ላይ አንዱ የተለጠፈ ሰሌዳ፣ ሌላው የተቀረጸ ድንጋይ ይመስላል። ሁለቱን ስክሪን ላይ አቀያይሮ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው፤ በእጅ ቢሆን ግድግዳውን ማፍረስ ይጠይቃል። ለዚህ ብቻ ፕሮግራሙን ማውረድ ያዋጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥር ከፕላስቲክ ሲለይ ነው። የጉብታ ስፋት 4.8 ሚሊሜትር ስለሆነ በሁለት ጉብታዎች መካከል የሚቀረው 3.2 ነው፤ የፕሌት ውፍረትም 3.2። በወረቀት ሲታይ ፕሌትን በጉብታዎች መካከል ማቆም ልክ ይመጣል። እውነተኛው ቁራጭ ግን መተንፈሻ ይፈልጋል፤ ባለ ሁለት ጉብታ ጡብ ሲለካ 16 ሳይሆን 15.8 ሚሊሜትር የሚሆነውም ለዚህ ነው። እንዲህ ተጨንቆ የቆመ ፕሌት ጎረቤቶቹን እየገፋ ይኖራል፤ መስመሩ ሲረዝም ግድግዳው ይጎብጣል። የስቱዲዮ የግጭት መቆጣጠሪያ አንዱ ቁራጭ በሌላው አካል ውስጥ ሲገባ ይከለክላል እንጂ ቁራጩ ምን ያህል እንደተጨነቀ አይለካም። በዚያ ላይ በአንድ ቁልፍ ይጠፋል፤ «ለጊዜው» ብሎ አጥፍቶት የረሳ ነዳፊ ደግሞ ጥቂት አይደለም።

ማጠፊያዎችም ያው ናቸው። ስክሪን ላይ በማንኛውም ማዕዘን ይዞራሉ፤ 30 ዲግሪ ብሎ መጻፍ ይቻላል። ጠቅ እያለ የሚቆመው ማጠፊያ ግን የሚይዘው በየ22.5 ዲግሪው ብቻ ነው። ጣሪያውን በ30 ዲግሪ የነደፈ ሰው ወይ ክንፉ ከታች የሚያርፍበት ነገር ያበጃል፣ ወይ ሥዕሉን ወደ 22.5 ይመልሳል።

የመረጋጋት ምርመራ የሚባለውም መሣሪያ በስሙ መታመን የለበትም። ቁራጮቹ መያያዛቸውን ያያል፤ ተንሳፍፎ የቀረ ቁራጭ ካለ ይጠቁማል። ክብደትን ግን ለእሱ ብቻ መተው አይገባም። አንድ 2×4 ጡብ (ቁጥር 3001) 2.3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 120 ፍሬ የገባበት ክንድ ወደ 280 ግራም ነው፤ ያ ሁሉ በሁለት ጉብታ ላይ ከተንጠለጠለ ስክሪን ላይ ደህና ቢመስልም ጠረጴዛ ላይ ሊነቀል ይችላል። መድኃኒቱ የሞዴሉን መረጃ ከፍቶ የክንዱን ክብደት ለብቻው ማየት፣ ከዚያም መጋጠሚያውን ቀዳዳ ባለው የቴክኒክ ጡብና በፒን ማሰር ነው። ወለሉ ላይም እንዲሁ። ባለ 48×48 ጉብታ ስስ መሠረት 38.4 ሴንቲሜትር ነው፤ ከታች ምንም አይያያዝበትም፣ በሁለት እጅ ሲነሳም ይለመጣል፣ ከላዩ ያለው ግድግዳ ይሰነጠቃል። ፕሌቶችን በሁለት ድርብ፣ የላዩ መገጣጠሚያ ከታቹ ጋር እንዳይገጥም አድርጎ መደርደር ይሻላል። ሞዴሉ የሚጓጓዝ ከሆነ በድርቦቹ መካከል የቴክኒክ ጡቦች ይግቡበት።

ከሁሉም በላይ ሞክን የሚገድለው ግን የአገጣጠም ቅደም ተከተል ነው። ስክሪን ላይ ቁራጭ እንደ መንፈስ ግድግዳ አልፎ ይገባል። ወለሉም ጣሪያውም ከተዘጋ በኋላ መሃል ላይ ምሰሶ ማቆም ይቻላል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ጣት አይገባም። ፈተናው ቀላል ነው፦ የግንባታ ደረጃዎቹን ከ1 ጀምሮ አንድ በአንድ እየከፈቱ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ነገር መጠየቅ። ጣት ይደርሳል ወይ? ከላይ ሲጫን ከታች የሚመክት ነገር አለ ወይ? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በአየር ላይ የወጣ በረንዳ ላይ ታይል (ጉብታ የሌለው ለስላሳ ቁራጭ) መጫን በረንዳውን ራሱን ይነቅለዋል፤ በረንዳው ለብቻው ንዑስ ሞዴል ሆኖ ተሠርቶ በመጨረሻ መገጠም ነበረበት። ንዑስ ሞዴል ሌላም ጥቅም አለው፦ ሥራው ብዙ ሺህ ቁራጭ ሲደርስ ስቱዲዮ መንቀርፈፍ ይጀምራል፤ ከፋፍሎ መሥራት ያቀለዋል።

ቀለም። ቁራጩ በተመረጠው ቀለም ተመርቶ የማያውቅ ከሆነ ስቱዲዮ ያስጠነቅቃል፤ ጥሩ ነገር ነው። ተመርቶ ማወቅና ገበያ ላይ መገኘት ግን ለየቅል ናቸው። ግራጫ ላይ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በ2004 አካባቢ ሌጎ ግራጫዎቹን ወደ ሰማያዊ ጠጋ ወዳለ ቀለም ስለቀየረ አሮጌውና አዲሱ አንድ ግድግዳ ላይ ሲገናኙ መጣፊያ ይመስላሉ። ስማቸው ይቀራረባልና ከማዘዝ በፊት ዝርዝሩን በቀለም ደርድሮ ማየት ነው። የቆዩ ቡናማና ጥቁር ቀይ ክሊፖችም ሲጫኑ የመሰንጠቅ ባሕርይ ስላላቸው ያገለገሉ ባይገዙ ይመረጣል።

የቁራጭ ዝርዝሩ በቀጥታ ወደ ብሪክሊንክ የፍላጎት ዝርዝር ይገባል፤ ይህን የመሰለ ማቅለያ የለም። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው የቁራጭ ብዛት ሳይሆን የዓይነት ብዛት ነው። 3000 ፍሬ በ80 ዓይነት ከሁለት ሦስት ሻጭ ሊሟላ ይችላል፤ 1500 ፍሬ በ300 ዓይነት ግን ትእዛዙን ለብዙ ሻጭ ይበትናል፣ የማጓጓዣው ሒሳብም አብሮ ይበዛል። ስለዚህ ከማይታየው የውስጥ ክፍል ላይ ቀለሙን «ማንኛውም» ማድረግ፣ አንዴ ብቻ የገባውን ብርቅ ቁራጭ በተለመደ መተካት፣ ከ1×1 ዓይነቶች ደግሞ ሁለት ሦስት ትርፍ መጨመር ያዋጣል።

የመመሪያ መሥሪያው ገጾቹን ራሱ ደርድሮ ወደ ፒዲኤፍ ያወጣል። እንዳለ መተው ግን አይገባም፤ ነዳፊው ቁራጮቹን ያስገባበትን ቅደም ተከተል እንዳለ ይከተላልና ከግድግዳ ወደ ጭስ ማውጫ፣ ከጭስ ማውጫ ወደ በር ይዘላል። በአንድ ደረጃ ከአራት እስከ ስድስት ቁራጭ በቂ ነው፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሲሆን ሁለት ቢሆንም አይበዛም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ፣ አይሳይት የተባለው የስቱዲዮ ሬንደር መሣሪያ ብርሃኑንም ጥላውንም አሳምሮ ስለሚያወጣ መለየቱ ከባድ ነው። ሲጠረጠር ክብ 1×1 ፕሌቶች የተደረደሩበትን ቦታ ማጉላት ይረዳል። ጉብታቸው ላይ የተጻፈው «ሌጎ» ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተሰለፈ ሥራው ገና ከስክሪኑ አልወረደም ብሎ መጠርጠር ነው፤ በእጅ የተጫኑት ክቦች እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይዞራሉ።