ሳይታይ የተወሰነው ውሳኔ፦ የ«ዘ ሶፕራኖስ» አምስተኛ ሲዝን 12ኛ ክፍል

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ ከዚህ በታች የሚነበበው ታሪኩን እስከ ጫፉ ይዘረግፈዋል። ድራማውን ገና እየተከታተለ ያለ ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ክፍሉን ቢያይ ይሻለዋል።

«ዘ ሶፕራኖስ» በኒው ጀርሲው የማፊያ አለቃ በቶኒ ሶፕራኖ ዙሪያ የሚያጠነጥን የአሜሪካ ድራማ ነው። የክፍሉ ስም «ሎንግ ተርም ፓርኪንግ» ነው፤ መንገደኛ መኪናውን ለብዙ ቀን ትቶት የሚሄድበት የኤርፖርት ማቆሚያ ማለት ነው። ኤች ቢ ኦ የተባለው የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ያሳየው እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2004 ነበር። ድርሰቱ የቴረንስ ዊንተር፣ ዝግጅቱ የቲም ቫን ፓተን ነው። ሲዝኑ 13 ክፍል ስላለው ይህ ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው፤ ይህ ቦታ ደግሞ በሶፕራኖስ ቀላል ቦታ አይደለም። የድራማው ፈጣሪ ዴቪድ ቼዝ ብዙ ጊዜ ትልቁን ምት የሚያሳርፈው ከመጨረሻው በፊት ባለው ክፍል ነው። በሁለተኛው ሲዝን የቶኒ እህት ጃኒስ እጮኛዋን ሪቺን የገደለችው፣ በስድስተኛውም ባሏ ቦቢ የተገደለው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። የመጨረሻው ክፍል ሥራው ፍርስራሹን ማንሳት ነው።

የቶኒ ዘመድና ተከታይ የሆነው የክሪስቶፈር እጮኛ አድሪያና ላ ሰርቫ እንዴት ተይዛ እዚህ እንደደረሰች ሳይታወቅ ክፍሉን ማየት ግማሹን መጣል ነው። በሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ ኤፍ ቢ አይ አንዲት ሴት መርማሪ በሐሰት ስም ጓደኛ አድርጎ አስጠጋባት። በአራተኛው ሲዝን ሁለተኛ ክፍል ቢሮ ወስደው እውነቱን ሲነግሯት እዚያው ጠረጴዛው ላይ አስታወከች። ከዚያ ጀምሮ እየፈራች የምትሰጣቸው መረጃ አብዛኛው ወሬ ነው፤ ማን ከማን ጋር ወጣ፣ የትኛዋ ጓደኛዋ ገንዘብ ሰረቀች። በአማርኛ «ጆሮ ጠቢ» የምንለው ሰው ወዶና ጥቅም ፈልጎ ወሬ የሚያቀብል ነው። ለአድሪያና ይህ ስም አይስማማትም። እሷ በሁለት በኩል የታሰረች ሴት ናት፤ ጭንቀቱም አንጀቷን እያመመው በአምስተኛው ሲዝን ሐኪም ቤት ያመላልሳታል።

ገመዱ የሚጠብቀው በምሽት ክለቧ በተፈጸመ ግድያ ነው። አንድ አደንዛዥ ዕፅ ሻጭ ሌላውን ቢሮዋ ውስጥ በስለት ይገድላል፤ እሷም ደሙን ለመሸፈን ታግዛለች፣ የቆሻሻ ከረጢቱን ይዛ ትወጣለች። ኤፍ ቢ አይ ግን ክለቡን በካሜራ ይከታተል ስለነበር ከረጢቱን ይዛ ስትወጣ ቀርጿታል። እስከዚያ ቀን ድረስ ያስፈራሯት የነበረው በኮኬይን ክስ ነበር። አሁን ጉዳዩ የግድያ ማስረጃ መደበቅ ሆነ። የቀረበላት ምርጫ አጭር ነው፦ ወይ የድምፅ መቅጃ ትለብሻለሽ፣ ወይ ትከሰሻለሽ። እሷ ሦስተኛ መንገድ ትለምናለች፤ እጮኛዬን ክሪስቶፈርን አሳምኜ አመጣላችኋለሁ፣ ሁለታችንንም ደብቁን ትላለች። ድሬያ ዴ ማቴዮ ይህን የምርመራ ክፍል ትዕይንት ስትጫወት ዓይኗ እየሸሸ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ፣ እያንዳንዱን ውሸት ጀምራ ሳትጨርስ ትጥለዋለች። ጩኸት የለም። እያየናት ነው የምትፈርሰው።

ቤት ገብታ ለክሪስቶፈር የምትነግርበት ትዕይንት የክፍሉ ምሰሶ ነው። መጀመሪያ የሰማውን ለመረዳት ጊዜ ይወስድበታል፤ ከዚያ ይመታታል፣ አንገቷን ያንቃታል፣ ትንሽ ቢቆይ ትሞት ነበር። ይለቃታል። ከዚያ ያለቅሳል። ማይክል ኢምፔሪዮሊ እዚህ ላይ የሚሠራው ነገር ከባድ ነው፤ ገዳይና የተጎዳ ልጅ በአንድ ፊት ላይ እየተፈራረቁ ይታያሉ፣ የትኛው እንደሚያሸንፍም አይነግረንም። ቀደም ሲል ቶኒን እያሰበ፣ ወደ ገሃነም የምገባው ለዚህ ሰው ብዬ ነው የሚል ቃል ለአድሪያና ተናግሯል። ስለዚህ ልቡ ከቶኒ መራቁን አይተናል። አብረው ተቃቅፈው ሲቀመጡ ተመልካቹ ለጥቂት ደቂቃ እነዚህ ሰዎች ሊያመልጡ ነው ብሎ ያምናል። ደራሲው የሚፈልገውም ይህንኑ እምነት ነው።

ክሪስቶፈር ሲጋራ ልግዛ ብሎ ይወጣል። ነዳጅ ማደያ ላይ ግዙፍ ሐመር መኪናው ውስጥ ሆኖ አንድ ቤተሰብ ያያል፤ አባትየው ከኋላ ፀጉሩን ያስረዘመ፣ መኪናቸው የተጎሳቆለ፣ ልጆች የሚንጫጩበት። ይኼው ነው። ምንም አይናገርም፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። በምስክር ጥበቃ ሥር ቢገባ የሚኖረውን ኑሮ ነው ያየው፤ ስሙ ተቀይሮ፣ ደሞዝ እየጠበቀ፣ ማንም ሳያውቀው። የአንዲት ሴት ዕድሜ በአንድ አሮጌ መኪና ተመዘነ። ከአንደኛው ሲዝን ጀምሮ የፊልም ደራሲ ልሁን እያለ ሲያልም የነበረ ሰው፣ ሕልሙን ይዞ መሄጃ በር ሲከፈትለት በሩን አስጠልቶት ተመለሰ።

ቀጥሎ የሚመጣው የስልክ ጥሪ ነው። ቶኒ ለአድሪያና ይደውላል፤ ክሪስቶፈር ራሱን ሊያጠፋ ሞክሯል፣ ሐኪም ቤት ነው፣ ሲልቪዮ መጥቶ ይወስድሻል ይላታል፤ ሲልቪዮ የቶኒ ቀኝ እጅ ነው። በነዳጅ ማደያውና በዚህ ስልክ መሃል አንድ ትልቅ ትዕይንት ጎድሏል፦ ክሪስቶፈር ለቶኒ የነገረበት። ትዕይንቱ ተቀርጾ ነበር፤ ከክፍሉ ግን ተቆርጦ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2006 በስድስተኛው ሲዝን ዘጠነኛ ክፍል ላይ እንደ ትዝታ ሆኖ ገባ። ይህ መቆረጥ ነው ክፍሉን ታላቅ ያደረገው። ትዕይንቱ ባለበት ቢቀር ኖሮ ተመልካቹ ከአድሪያና ቀድሞ ሁሉን ያውቅ ነበር፤ የመኪናው ጉዞም የታወቀ ሞትን መጠበቅ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን የምናውቀው እሷ የምታውቀውን ያህል ነው። ቶኒ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ ክሪስቶፈር ዕፅ የሚወስድ፣ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው፣ ራሱን ቢጎዳ አይደንቅም። ጄምስ ጋንዶልፊኒም ቃላቱን እንደ ተጨነቀ ዘመድ ነው የሚናገራቸው።

የመኪናው ትዕይንት ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ አድሪያና ሻንጣዋን ይዛ ብቻዋን በአውራ ጎዳና ስትነዳ እናያለን፤ ዘፈን አለ፣ ፀሐይ አለ። ምስሉ አልደበዘዘም፣ ሕልም መሆኑን የሚያሳብቅ አንድም ምልክት የለም። ከዚያ በአንድ ቁርጥ ወደ ሲልቪዮ መኪና፣ ከጎኑ ወዳለው ወንበር ይመልሰናል። ይህን ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ያየነው እሷ በዚያች ቅጽበት በአእምሮዋ የሸሸችበትን መንገድ ነው፣ የዘገየ ውሳኔዋን ነው። ሁለተኛ፣ መኪናው ከዋናው መንገድ ሲታጠፍ የሷን ፊት ይዩ። ያወቀችው እዚያ ነው፤ ከመታጠፊያው በኋላ የምታለቅሰው ለክሪስቶፈር አይደለም።

ሲልቪዮን የሚጫወተው ስቲቨን ቫን ዛንት እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው የሚያስቀን ሰው ነበር፤ በፀጉሩ፣ በአነጋገሩ፣ የሌላ ሰው ድምፅ በማስመሰሉ። ጫካው ውስጥ ጎትቶ ሲያወጣትና ሲሰድባት ያ ሰው ይጠፋል። እሷ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ከምስሉ ትወጣለች። ካሜራው አይከተላትም። ተኩሱን እንሰማለን፣ ዛፎቹን እናያለን። ይህ ድራማ ሞትን በማሳየት የሚያፍር አይደለም፤ በአራተኛው ሲዝን ከቶኒ ሰዎች አንዱ የነበረውን የራልፍን የተቆረጠ ጭንቅላት በቦውሊንግ ቦርሳ ውስጥ አሳይቶናል። ስለዚህ ዓይኑን ከአድሪያና ማንሳቱ ሆን ተብሎ የተደረገ ክብር ነው፤ የሚያመውም ለዚህ ነው።

የቶኒ ሚስት የካርሜላ ታሪክ ላይ ላዩን ሌላ ይመስላል። ከቶኒ ተለይታ ቆይታለች፤ በዚህ ክፍል ሊመለስ ይስማማሉ። ስምምነቱ ሽማግሌ ያስታረቀው ዓይነት አይደለም፣ ውል ነው። ካርሜላ ቤት ሠርታ የምትሸጥበት መሬት ትፈልጋለች፤ ቶኒ ይገዛላታል። እሱ በበኩሉ ከሌሎች ሴቶች ጋር ያለው ነገር ከእንግዲህ ቤቷ ድረስ እንደማይመጣ ቃል ይሰጣል። ቃሉን ያስተውሉ፤ እተዋለሁ አላለም። የክፍሉ መጨረሻ ባልና ሚስቱ ያንን መሬት ሲያዩ ነው፤ መሬቱም ጫካ ነው። አድሪያና ከሞተችበት ጫካ ጋር የሚመሳሰል ዛፍና ቅጠል ውስጥ ካርሜላ ስለምትሠራው ቤት ታልማለች። ኢዲ ፋልኮ ደስታዋን በልኩ ስለምትጫወተው ተመልካቹ ሊጠላት አይችልም። ሁለቱም ሴቶች ከዚሁ ቤተሰብ ጋር ተዋዋሉ፤ አንዷ ዋጋዋን ታውቃለች፣ ሌላዋ አላወቀችም።

ደካማ ጎን አለው። የኒው ዮርክ ጉዳይ፣ ማለትም ጆኒ ሳክ የዚያ ከተማ ማፊያ አለቃ መሆኑ፣ የእሱ ሰው ፊል ሊዮታርዶ ወንድሙን የገደለበትን የቶኒን የአክስት ልጅ ቶኒ ብሉንዴቶን መፈለጉ፣ ብዙ ስምና ብዙ ስብሰባ ይዞ ይመጣል፤ ከአድሪያና ሲወስደን ቅር ያሰኛል። ከዚያ ውስጥ የሚጠቅመው ቶኒ ለተደበቀው የአክስቱ ልጅ በስልክ የሚናዘዘው ነው፦ ከብዙ ዓመት በፊት አብረው ሊፈጽሙት ለነበረው ዝርፊያ ቶኒ ያልመጣው ተደብድቦ ሳይሆን በድንጋጤ ሕመም ራሱን ስቶ ስለወደቀ ነበር። በዚህ ክፍል ቶኒ እውነት የሚናገርለት ሰው አለ፣ ዋሽቶ ወደ ሞት የሚልከው ሰውም አለ፤ ሁለቱንም በስልክ። ሌላው ክፍተት ኤፍ ቢ አይ ነው። ይህን ያህል የደከሙባትን ሴት ለአደገኛ ሰው እንድትናዘዝ ልከው፣ ቤቷን የሚጠብቅ ሰው ለምን አላቆሙም? ክፍሉ በቂ መልስ አይሰጥም።

እንዴት ይታይ? ሙሉውን 86 ክፍል ለማየት ጊዜ ያለው ሰው ከመጀመሪያው ይጀምር። ጊዜ ለሌለው ቢያንስ ይህን ቅደም ተከተል እመክራለሁ፦ ከአራተኛው ሲዝን ሁለተኛውን ክፍል፤ ከአምስተኛው ሲዝን ሁለተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ዘጠነኛውን፣ 10ኛውንና 11ኛውን፤ ከዚያ ይህን። ሁለተኛው አድሪያና በካርሜላ ቤት ለሴቶቹ ልትናዘዝ ደርሳ የሮጠችበት ነው። አምስተኛው የቶኒና የአድሪያና የመኪና አደጋና ስለ ሁለቱ የተነዛው ሐሜት ያለበት ሲሆን ክሪስቶፈር እጁን ለማንሳት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ያሳያል፤ እሱን ያለፈ ሰው የመታነቁ ትዕይንት ድንገተኛ ይመስለዋል። 10ኛው የኪንደርሁክን እርሻ ያስተዋውቃል፤ ቶኒ ቢ፣ ማለትም ቶኒ ብሉንዴቶ፣ የተሸሸገበት ቦታ ነው፣ በ13ኛው ክፍል መጨረሻውም እዚያው ነው። 11ኛውን የዘለለ የፊል ቁጣ ከየት እንደመጣ አይገባውም።

የተዋናዮቹን ስም ኢንተርኔት ላይ አይፈልጉ፤ የመጀመሪያው ውጤት ሞቷን ይነግርዎታል። ሰብታይትል ይክፈቱ፤ የኒው ጀርሲ አነጋገር ፈጣን ነው፣ ወሳኝ ቃላትም በሹክሹክታ ይነገራሉ። የሚያዩበት መተግበሪያ ቀጣዩን ክፍል ራሱ የሚያስጀምር ከሆነ ያንን ያጥፉት፤ ከጫካው ትዕይንት በኋላ የሚመጣው ሙዚቃ የክፍሉ አካል ነው። ስድቡም ድብደባውም ከባድ ስለሆነ ልጆች ባሉበት አይታይም።

በዚያው እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካን የቴሌቪዥን ሽልማት ኤሚን ዴ ማቴዮና ኢምፔሪዮሊ በረዳት ተዋናይነት፣ ዊንተር ለዚህ ክፍል በድርሰት አሸንፈዋል። ድራማውም የዓመቱ ምርጥ ተብሎ፣ ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው የኬብል ቴሌቪዥን ድራማ ሆኗል።

የርዕሱ መኪና የአድሪያና ናት። ክሪስቶፈር ሻንጣዋን ከጣለ በኋላ መኪናዋን ኤርፖርት ማቆሚያው ውስጥ አቁሞ ይሄዳል፤ ፈልጎ ለሚመጣ ሰው፣ በራሷ ፈቃድ የሄደች እንድትመስል። የተቆረጠውን ትዕይንት በስድስተኛው ሲዝን ካዩት በኋላ ወደ ነዳጅ ማደያው ተመልሰው የኢምፔሪዮሊን ፊት እንደገና ይዩት። በመጀመሪያው ዕይታ ግራ መጋባት የመሰለው ነገር፣ በሁለተኛው ስሌት ሆኖ ይታያል።