የ620 ራንዱ ዘበኛ

አገር ቤት ዘበኛ ማለት በር ላይ ጋቢ ተከናንቦ የሚያድር ሰው ነው። ሌሊት ስትነቃ ሲያስል ትሰማዋለህ፤ ተገላብጠህ ትተኛለህ። ጆሃንስበርግ ግን ዘበኛው በር ላይ የለም። ሽጉጥ ታጥቆ፣ ጥይት መከላከያ ሰደርያ ለብሶ በመኪና ሰፈሩን ይዞራል። ስትጠራው ይመጣል። አገልግሎቱን «አርምድ ሪስፖንስ» ይሉታል። ቤቴ ግን «የአላርም ሰዎቹ» ነው የምንላቸው።

ሁለት ዓመት ተጠቀምኩባቸው። አዲስ ቤት የተከራየ ወዳጅ ባገኘሁ ቁጥር «እንዴት ናቸው? ያዋጣል?» ይለኛል። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። አንደኛ፣ ዛሬም ቤቴን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሁለተኛውን ምክንያት መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ።

የምኖረው ቤዝ ቫሊ ነው፣ ከመሀል ከተማው በስተምሥራቅ። ሱቄ መሀል ከተማው ውስጥ ጄፒ መንገድ ላይ ነው፤ ብርድ ልብስና መጋረጃ በጅምላ እሸጣለሁ። (መንገዱ ራሂማ ሙሳ ከተባለ ቆይቷል፤ ሐበሻ ግን ጄፒ ማለቱን አልተወም።) ማታ ማታ ጥሬ ገንዘብ ይዤ እንደምገባ የማያውቅ የለም። ስለዚህ ፈረምኩ። በወር 620 ራንድ፣ ውሉ የ36 ወር። ከዚያ በፊት መውጣት ቅጣት አለው፤ እሱን ፊደሉ ደቃቅ በሆነ ጽሑፍ ነው የጻፉት፤ አንብቡት።

ለዚህ ገንዘብ የምታገኙት ይሄ ነው። በየክፍሉ ሴንሰር። ጣሪያ ሥር ሳይረን። በር አጠገብ ቁጥር የሚነካበት ሰሌዳ። ሁለት የአደጋ ቁልፍ፣ እንደ መኪና ሪሞት ኪስ የሚገቡ። አጥር ላይ ደግሞ የድርጅቱ ታፔላ። ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ታፔላው ብቻውን 200 ራንድ ያወጣል ባይ ነኝ። በመንገዳችን ታፔላ የሌለው ቤት ከሩቅ ይታወቃል።

አላርሙ ሲጮህ ከኮንትሮል ሩም ይደውላሉ። የይለፍ ቃል ይጠይቃሉ። ትክክለኛውን ከነገርካቸው ይዘጋሉ፤ ካላነሳህ ወይም ከተሳሳትክ መኪና ይልካሉ። እኛ መጀመሪያ የመረጥነው ቃል «ቆጮ» ነበር። ደዋይዋ ልትጠራው አልቻለችም፣ «ኮቾ? ኮኮ?» ስትል እኛም በሳቅ መመለስ አቃተን። ቀየርነው። ለክፉ ቀን የሚሆን ሌላ ቃልም አለ፤ ሌባ አጠገብህ ቆሞ «አንሳና ደህና ነን በል» ካለህ የምትናገረው። ይሄ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ልጆቹንም አስተምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ክረምት፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ሰኔ ላይ ማለት ነው፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ሁለት ልጆች በጓሮ አጥር ዘለው ገቡ። ባለቤቴ ኩሽና ነበረች። አየቻቸው፣ ቁልፉን ተጫነች፣ ጮኸች። እኔ 10111 ደወልኩ፤ የፖሊስ ነው። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ። ገና ሳያነሱት የአላርሙ መኪና በር ላይ ቆመ። 6 ደቂቃ! ሰዓት ያየችው ባለቤቴ ናት፤ እሷ አታጋንንም።

አንዱ ልጅ አመለጠ። ሁለተኛውን ከመኪናው የወረደው ዘበኛ አጥር ሥር ያዘው። አልመታውም፤ ይሄን መመስከር አለብኝ። መሬት ላይ አስቀመጠው፣ እጁን አሰረው፣ ከዚያ ሬዲዮውን አነሳ። እኔ «ኪሱን ፈትሸው፣ የጓደኛውን ስም ጠይቀው» እለዋለሁ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ፖሊስ አይደለሁም፣ ማይ ፍሬንድ።» (ሱቅ ያለው የውጭ ሰው ሁሉ እዚህ ስሙ ማይ ፍሬንድ ነው።)

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ደንብ ልብስ አለው፣ ሽጉጥ አለው፣ መኪናው ላይ መብራት አለው። በሕጉ ግን ከእኔ የተለየ ሥልጣን የለውም። በ1977 (ዓመቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች ነው) የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ማንኛውም ሰው ከባድ ወንጀል የሠራን ሰው መያዝ ይችላል ይላል፤ ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ማስረከብ ግን ግዴታው ነው። ሰውዬው የያዘው በዚያ ነው። ሽጉጡን ለመያዝ የብቃት ማረጋገጫ የሰጠው ደግሞ ያው ፖሊስ ነው።

ፖሊስ የመጣው ከ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ነው። ልጁ መሬት ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቴ አላስቻላትም፣ ሻይ ሰጠችው። ለዘበኛውም ሰጠችው። እየጠጣን አወራን። ከሊምፖፖ ነው የመጣው። የጥበቃ ሠራተኛ ሁሉ ፒሲራ በሚባለው ተቆጣጣሪ መመዝገብ አለበት፤ በ2001 በወጣ አዋጅ ነው። ከኢ እስከ ኤ ደረጃ አላቸው፣ ኢ ታችኛው ነው። እሱ ሲ ነው። ካርዱን አውጥቶ አሳየኝ። እናንተም በራችሁ ላይ የቆመውን ሰው ካርዱን ጠይቁ፤ አይከፋቸውም።

«ከእናንተና ከፖሊስ ማን ይበዛል?» አልኩት። ሳቀ። በዚህ አገር ሥራ ላይ ያሉ የተመዘገቡ የግል ጥበቃዎች ከ500 ሺህ በላይ ናቸው። የአገሪቱ ፖሊስ፣ የቢሮ ሠራተኛውን ጨምሮ፣ 200 ሺህ አይሞላም። አንዳንዱን ፖሊስ ጣቢያ ራሱ የሚጠብቀው የግል ዘበኛ ነው። እሱም አንድ ጣቢያ በር ላይ ቆሞ ያውቃል። «ፖሊሶቹን ከማን ነበር የምትጠብቃቸው?» ብዬ ብጠይቀው መልሱ ትከሻውን መስበቅ ብቻ ሆነ።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ1980ዎቹ የአፓርታይድ መንግሥት ፖሊሱን በየሎኬሽኑ፣ ማለት በጥቁሮቹ ሰፈር፣ የተነሳውን ዓመፅ ለማፈን አሰማራው። የነጮቹ ሰፈር ዘበኛውን በገንዘቡ መግዛት ያዘ። አፓርታይድ ሲሄድ ልማዱ አልሄደም። አሁን እኔም እገዛለሁ። እኔ ቆርጬ የገባሁበት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሱቆች ከተዘረፉበት ከሐምሌ 2021 ሁከት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰሞን ከ350 በላይ ሰው ሞቷል። ጄፒ ላይ የብረት መዝጊያችንን አውርደን ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ነበርን። ፖሊስ የለም፤ ያለው አይበቃም። ገንዘቡን አጠራቅሜ እስክፈርም ግን ጊዜ ወሰደብኝ።

ወደዚያች ማታ ልመለስ። ሁለት ፖሊሶች መጡ። አልተጣደፉም። ልጁን መኪናቸው ላይ ጫኑ፤ ዘበኛውን «አንተ ነህ የያዝከው፣ ጣቢያ መጥተህ ቃልህን ስጥ» አሉት። ፊቱ ተለወጠ። እሱ ጣቢያ ወረፋ ሲጠብቅ ሰፈሩ ባዶ ነው፤ አለቃውም በሬዲዮ ይጮህበታል። ሄደ ግን። ባይሄድ ልጁ በማግስቱ ይለቀቅ ነበር ይላሉ የሚያውቁ። እኔ በማግስቱ የደረሰኝ የኬዝ ነምበር፣ ማለት ፖሊስ ጉዳዩን የመዘገበበት ቁጥር ነው፣ በስልክ መልእክት። እሱ ለኢንሹራንስ ይጠቅማል። የአላርም ድርጅቱ ወረቀት አይበቃም፤ ኢንሹራንሱ የሚፈልገው የፖሊስን ቁጥር ነው። ስለዚህ «አላርም አስገብቻለሁ፣ ፖሊስ ምን ያደርግልኛል» የምትሉ ሰዎች ተሳስታችኋል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዱ ቶሎ ይደርሳል፣ ሌላው ካልጻፈው ግን ነገሩ እንዳልሆነ ነው።

የአላርም ሰዎቹንም ጉድ ልናገር። መብራት በፈረቃ በነበረበት ዘመን የአላርሙ ባትሪ ሞተ። በቀን ሁለት ሦስቴ ሲጠፋ ባትሪው የሚሞላበት ጊዜ አላገኘም። ለ11 ቀን ቤታችን ሳይጠበቅ እንደነበረ ያወቅነው እኛው ራሳችን ስንሞክረው ነው። ኮንትሮል ሩም ውስጥ ማንም አላየም። ስደውል «ሲስተም» አሉኝ። ሲስተም የሚባለው ሰውዬ እዚህም ሥራ አለው ለካ። ባትሪውን በ450 ራንድ የቀየርኩት እኔ፣ የወሩን 620 የተቀበሉት እነሱ። በወር አንዴ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩ፤ አስቀድማችሁ ግን ደውላችሁ ንገሯቸው።

ካሜራም ልጨምርልህ ብለውኝ ነበር። መንገዱ ላይ ከ2019 ጀምሮ ቩማካም የሚባለው ድርጅት የተከላቸው አሉ፤ የመኪና ታርጋ ያነባሉ። በቃኝ አልኩ። ሎኬሽን እየዞርኩ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ማን ምን ያህል እንደሚያየኝ አሁንም ይከብደኛል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ከ5 ሦስት ተኩል። ለፍጥነቱ አምስት፣ ለባትሪው ዜሮ። ለዚያች ማታ ሰውዬ ብቻውን ቢሆን ሙሉውን በሰጠሁት። የወር ደመወዙን ስለነገረኝ ነው፤ እዚህ መጻፉ ደስ አይለውም።

የቀረኝ የጎረቤቴ ነገር ነው። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ፖርቱጋላዊት አሮጊት ይኖራሉ፤ ሰፈሩ ድሮ የፖርቱጋሎች ነበር። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጡረታቸው አልበቃ ሲል አላርሙን አቋረጡ። መስከረም ላይ አንድ ሌሊት ጩኸታቸውን ሰማን። እኔ የራሴን ቁልፍ ተጫንኩ። መኪናው ወዲያው መጣ፤ ሌላ ሰው ነበር፣ ወጣት። «ከዚያ ነው!» አልኩት። ግድግዳው ሥር ቆመና ሬዲዮውን አነሳ። የሴትዮዋን ቤት ቁጥር ነገራቸው። ጠበቀ። «ደንበኛ አይደሉም» ሲሉት እኔም ሰማሁ። እሱ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ እሱ። ከዚያ የእጅ ባትሪውን ግድግዳው ላይ አብርቶ በረጅሙ ሳይረኑን ለቀቀው። ሌባው በወዲያ በኩል ዘሎ ሄደ። ወጣቱ ዘበኛ ግድግዳውን አላለፈም። ወረቀቱ ላይ የሞላውም በእኔ ቤት ስም «የሐሰት ጥሪ» ብሎ ነው። በወር ሦስተኛው የሐሰት ጥሪ ያስከፍላል።

በማግስቱ ባለቤቴ ሁለተኛውን የአደጋ ቁልፍ ለአሮጊቷ ወስዳ ሰጠቻቸው። ከመኝታ ቤታቸው ሆኖ እንደሚሠራ ሞክረነዋል። አንገታቸው ላይ ከመስቀላቸው ጋር አስረውታል። ሲጫኑት መኪናው የሚመጣው እኛ በር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ እጨርሳለሁ። ውሉ ይህንን የሚፈቅድ አይመስለኝም። የድርጅቱን ስም ያልጠራሁበት ሁለተኛው ምክንያት ይሄ ነው።