ለወገቤ የደረሰችልኝ ልጅ፤ ምስጋናና ጥቆማ ከስልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ጽፌ አላውቅም። ግን ሰው እንዲህ ሲያደርግልን ዝም ማለት ነውር ነው። ያውም እዚህ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ እንደ እኔ ወገቧን ይዛ ሥራ የምትገባ ስንት እህት እንዳለች ስለማውቅ፣ ፒላተስ በሚባለው፣ በአተነፋፈስና በዝግታ በሚሠራ የሰውነት እንቅስቃሴ ወገቤን ለረዳችልኝ አስተማሪ ያለኝን ምስጋናም ጥቆማዬንም አንድ ላይ ልጻፈው።

51 ዓመቴ ነው። 14 ዓመት ነርሲንግ ሆም ውስጥ የነርስ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በሌሊት ሺፍት። ሥራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ ሰው ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ከአልጋ አንስቶ ዊልቸር ላይ ማስቀመጥ። ማንሻ ማሽኑን ሁለት ሰው እንዲያንቀሳቅሰው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ሌሊት ግን ሁለተኛው ሰው የለም። የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር ወር አንድ አባት ከአልጋቸው ጫፍ ሊወድቁብኝ ሲሉ ዘልዬ ደግፌ ያዝኳቸው። እሳቸው አልወደቁም፣ ተመስገን። እኔ ግን ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ፤ በማግስቱ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር አቃተኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ኤምአርአይ ተነሳሁ፣ በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ተገፍቶ ነርቭ ነክቷል ተባለ። ኦፕራሲዮን አያስፈልግሽም፣ እንቅስቃሴ ነው የሚያሻሽልሽ አሉኝ። ፊዚዮቴራፒው ጠቅሞኝ ነበር፤ ኢንሹራንሱ የፈቀደው ቀጠሮ ሲያልቅ ግን እሱም አበቃ። ቀበቶ አሰርኩ፣ ቅባት ተቀባሁ፣ ክኒን ዋጥኩ። ከሁሉም የከፋው ፍርሃቱ ነው። ያመኛል ብዬ ስለምሰጋ መንቀሳቀስ ተውኩ፣ ስተው ደግሞ ይበልጥ ደረቅሁ። ለሁለት ዓመት ያህል እንደ እንጨት ሆኜ ነው የኖርኩት።

ይህችን ልጅ ያገኘኋት በአንዲት የሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ጆርጂያ አቬኑ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ፒላተስ ታስተምራለች። የኛው ልጅ ናት፣ የወሎ ልጅ፤ ትምህርቱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ትሰጣለች። እኔ ፒላተስ ሲባል ቀጫጭን ወጣቶች የሚሠሩት ፋሽን ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስሄድ የስፖርት ልብስ እንኳ አልነበረኝም፤ በቤት ቀሚሴ ሥር ሱሪ ለብሼ ነው የሄድኩት።

ምንጣፍ ላይ ተኚ የምትለኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወንበር አቅርባ፣ “እትዬ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎ የሰጡዎትን ወረቀት ያሳዩኝ” አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦ እግርዎ ይዝላል? ሲራመዱ ይከዳዎታል? በእግርዎ መሃል፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ በሚነካው ቦታ፣ ይደነዝዝዎታል? ሽንትዎን መቆጣጠር ያስቸግርዎታል? “ከእነዚህ አንዱ በድንገት ከመጣ እኔ ጋ አይምጡ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ” አለች። ሐኪሜ በጽሑፍ እስኪፈቅድልኝ ድረስም አላስጀመረችኝም። ገንዘቤን ለመቀበል ያልቸኮለች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት።

የመጀመሪያው ሰዓት እንዳለ በአተነፋፈስ አለቀ ብላችሁ ታምናላችሁ? በጀርባዬ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ መዳፌን ጎድኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። አየሩን ወደ ደረቴ ላይ ሳይሆን ወደ ጎድኔ ጎንና ወደ ጀርባዬ እንድስብ፣ ሳወጣው ደግሞ ሆዴን ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ እንድሰበስብ ነገረችኝ። ከላይ የሚታየውን ሳይሆን፣ ከሥር ወገብን እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚይዘውን የሆድ ጡንቻ ነው የምትፈልገው። መቀነት ስትለኝ ወዲያው ገባኝ። እናቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ መቀነቷን ጠበቅ ታደርግ ነበር፤ ይህ ከውስጥ የሚታሰር መቀነት ነው።

ቀጥሎ ዳሌን ከምንጣፉ ማንሳትና ማውረድ መጣ። ማንሳቱ ቀላል ነው፣ ማውረዱ ነው ሥራው። ጀርባዬ እንደ ሳንቃ አንዴ ድም ብሎ ይወርድ ነበር። “እትዬ፣ መቁጠሪያ አለዎት አይደል? የጀርባዎ አጥንት መቁጠሪያ ነው እንበል። አንዷን ፍሬ ሳያስቀምጡ ወደ ሌላዋ አይለፉ” አለችኝ። አጠገቤ ለነበሩት ሐጂያ ደግሞ “እንደ ሙስበሃዎ” ትላቸዋለች። ያን ቀን ከላይ ጀምሬ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሳወርድ፣ ወገቤ ጋ ስደርስ አራት አምስቱ ፍሬ ተጣብቆ አብሮ ወረደ። የደረቀው ቦታ የት እንደሆነ በጣት የተነካ ያህል ታወቀኝ። በሦስተኛው ወር ገደማ እነዚያም አንድ በአንድ መውረድ ጀመሩ። አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ሪፎርመር የሚባል አልጋ የሚመስል መሣሪያም አላት፤ መቀመጫው በሃዲድ ላይ ይንሸራተታል፣ በስፕሪንግ ይያዛል። ስፕሪንጉ ሲቀነስ ይቀላል ብዬ ነበር። አንዳንዱ እንቅስቃሴ ላይ ግን የሚደግፈኝ ስለሚቀንስ ጭራሽ ይከብዳል። ይሁንና አትሞኙ፣ ብዙውን ለውጥ ያየሁት በምንጣፉ ነው። በግል ሦስት ጊዜ ብቻ ተማርኩ፣ ከዚያ በቡድን ቀጠልኩ፤ ዋጋውም ለእንደኛ ዓይነቱ ሠራተኛ የሚቻል ነው።

“መቶ” የሚባለውን ዝነኛውን እንቅስቃሴ፣ ማለትም በጀርባ ተኝቶ አምስት ቆጥሮ እየሳቡ፣ አምስት ቆጥሮ እያወጡ ክንድን መቶ ጊዜ ከፍ ዝቅ ማድረጉን፣ ለአምስት ወር ከልክላኛለች። ሌሎቹ ሲሠሩት እኔ አንገቴን ምንጣፉ ላይ አድርጌ እግሬን ሳላነሳ ነበር የምሠራው። አጥንታቸው ለሳሳ እናቶች ደግሞ ወደ ፊት በኃይል የሚያጎብጥ ነገር ፈጽሞ አትሰጥም። ሁሉንም ሰው አንድ ዓይነት የሚያሠራ አሰልጣኝ ካያችሁ ውጡ ነው የምላችሁ።

ነገሩን የጀመረውን ሰውዬ ታሪክ የነገረችኝም እሷ ናት። ጆሴፍ ፒላተስ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1883 ጀርመን ውስጥ የተወለደ፣ በልጅነቱ በአስምና ሪኬትስ በሚባለው አጥንት በሚያለሰልስ በሽታ የተሠቃየ ሰው ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ጀርመናዊ ነህ ብለው “ማን” በምትባል ደሴት (Isle of Man) አስረውት፣ እዚያው ከእስረኞች ጋር ዘዴውን አዳበረ። በ1926 ኒው ዮርክ ገብቶ ከሕይወት አጋሩ ከክላራ ጋር ስቱዲዮ ከፈተ፤ የተጎዱ ዳንሰኞች ይጎርፉለት ጀመር። ከበሽተኛ ልጅ የተጀመረ ነገር መሆኑ እኔን በጣም አጽናንቶኛል። ደግሞ ልብ በሉ፣ በ2000 አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት “ፒላተስ” የሚለው ስም የማንም የግል ንብረት አይደለም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ማንም ተነስቶ ፒላተስ አስተምራለሁ ብሎ መለጠፍ ይችላል። የት ተማርክ፣ ስንት ሰዓት ተማርክ ብላችሁ ጠይቁ፤ ሙሉው ሥልጠና በመቶ የሚቆጠር ሰዓት ነው። እሷ ሳልጠይቃት ነው ወረቀቷን ያሳየችኝ።

ሐቀኝነቷን ልጨምር። “ፒላተስ ከሌላው ስፖርት ሁሉ ይበልጣል?” ብዬ ስጠይቃት፣ “ለወገብ ሕመም ዝም ብሎ ከመቀመጥ ይሻላል፣ ከሌላው ደህና እንቅስቃሴ ግን ይበልጣል ብዬ አልዋሽዎትም። በፈረንጅ 2015 አሥር ጥናቶች ሲገመገሙም የተገኘው ይኸው ነው። የሚጠቅመው ሳያቋርጡ የሚሠሩት ነው” አለችኝ።

አሁን ይህን ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ “እትዬ፣ ከሁሉ በላይ ምን ማድረግ ናፈቀዎት?” አለችኝ። “ስግደት” አልኳት። ሁለት ዓመት ስቅለትን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። የንስሐ አባቴ ለታመመ ሰው አንገት መድፋት ይበቃል ብለውኛል፤ ልቤ ግን አልበቃውም ነበር። “እስቲ እንዴት እንደሚሰግዱ ያሳዩኝ” አለች። ወንበር ይዤ እየፈራሁ አሳየኋት። ዝም ብላ አይታኝ፣ “እኔም እኮ በቀን አምስት ሶላት ግንባሬን አስነካለሁ፤ አብረን እንሠራዋለን” አለችኝ።

ስግደቱን በታተነችው። መጀመሪያ ዳሌ ወደ ኋላ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ እጅ፣ በመጨረሻ ግንባር። ሲነሱ የእግር ጣት መሬት ይይዛል፣ አየር እየወጣ ክብደቱ ወደ እግር ይሄዳል እንጂ ወገብ አይጎትትም። እጄ ሩቅ እንዳይወርድ በመጀመሪያው ሳምንት ከሥሩ ሁለት ሁለት ጡብ መሳይ ስፖንጅ አደረገችልኝ፤ በኋላ አንድ አንድ፤ በኋላ መሬቱ። በቀን አምስት፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሃያ።

የስቅለት ዕለት እያረፍኩ 41 ሰገድኩ። ማታ ደወልኩላትና ቁጥሩን ስነግራት ከእኔ በላይ እሷ ጮኸች።

ድኛለሁ አልልም። ሁለት ሺፍት ከደረብኩ ያመኛል፣ ብርድም ይሰማዋል። ግን ሕመሙ ሲመጣ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ሥራ ላይም ሁለተኛ ሰው ሳይመጣ ታካሚ አላነሳም።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ለሁሉም ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ መጋረጃውም ይዘጋል። የማይንሸራተት ካልሲ ያዙ፣ የሐኪም ወረቀት ካላችሁ አምጡ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ንገሯት።

አንቺ ደግሞ ልጄ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አንቱታውን ተዪ ብዬሽ እንቢ ያልሽኝን ይቅር ብያለሁ። እናትሽ እንዳንቺ ያለች ልጅ ስላሳደጉ እጃቸው ይባረክ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ በመስኮቱ በኩል ያለውን ምንጣፍ ያዥልኝ።